ሮስኮ የበየዳቸው በሮች

ሆሊስ ታገርትን በሕይወቱ ስንት መኪና እንደሰባበረ ሲጠይቁት «እግዜር ይቁጠራቸው» ይላል። ጎረቤቴ ነው፤ የሚለየን አንድ የሽቦ አጥር ብቻ ነው። በወጣትነቱ የቴሌቪዥን ሰዎች ወደዚህ ወደ ጆርጂያ ገጠር መጥተው በየሳምንቱ መኪና የሚዘልበት ድራማ ሲቀርጹ፣ መኪናውን ፈልጎ የሚገዛላቸውም ነድቶ የሚያዘልላቸውም እሱ ነበር። ባለቤቴ ሮስኮ ደግሞ በያጅ ነበር። መኪናው መሬት ሲመታ በሮቹ እንዳይበረገዱ ሁለቱንም ከአካሉ ጋር ይበይዳቸዋል፤ ጣሪያው ሰው ላይ እንዳይወርድም በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ብረት ያቆማል። ስለዚህ በሁለቱም በኩል በመስኮት መግባት ነው፣ በዚያው መውጣት ነው። ከዘለለ በኋላ የተረፈውን ቆርቆሮ ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም።

አንድ ዓርብ መኪና አለቀ። ለቅዳሜ የሚሆን የዚያው ዓይነት ዶጅ መኪና በአካባቢው ሁሉ ተፈልጎ ጠፋ። የቀረችው የሆሊስ ሚስት ናዲን በካልሲ ፋብሪካ ሠርታ የገዛቻት፣ ለእናቷ እንኳ የማታውሳት አንዲት መኪና ብቻ ነበረች። ሆሊስ ለመጠየቅ አፉ አልታዘዝ አለው። ናዲን ራሷ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችለት።

«ውሰዳት። ቀረጻው ከቆመ ግማሹ ከተማ ሥራ ይፈታል። ግን ስማ፣ አንድ ቀን መልሼ እነዳታለሁ።»

«መጀመሪያ ከወንዙ ማዶ ስታርፍ እያት» አላት።

ሮስኮ በሮቿን በየዳቸው፤ ቅዳሜ መኪናዋ ወንዙን ዘላ ተሻገረች። ጣሪያዋ ተጨማደደ፣ አፍንጫዋ ተጣመመ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ናዲንም አጨበጨበች፤ ከዚያ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። ሆሊስ ስብርባሪዋን ጎትቶ ከጎተራው ኋላ አቆማት። ጡረታ ሲወጣ ሞተሯንና ከሥሯ ያለውን ሁሉ ቀስ እያለ ጠገነ፤ ባለፈው መጸው ሞተሯ ተነሣ። ናዲን ግን መግባት አልቻለችም። ሰባ ያለፈው ጉልበት በመስኮት አይገባም።

በዚህ መሃል ፕሬስተን የሚባል አሮጌ መኪና ሰብሳቢ ከአትላንታ መጣ። ዙሪያዋን ሲዞር ባርኔጣውን አውልቆ ነበር፤ አስከሬን የሚሰናበት ነው የሚመስለው።

«የተረፈች የለችም፣ አቶ ሆሊስ። ሁሉንም እናንተው ፈጃችኋቸው።»

«ምን እናድርግ፣ ሥራችን ነበር።»

«እባክዎ ጣሪያዋን እንዳያቃኑት፤ ሰው የሚፈልገው ይህንኑ የተጨማደደውን ነው። በሮቹን ደግሞ በፍጹም እንዳይነኩ። ያ ብየዳ ከተቆረጠ አልገዛትም።»

የጠራው ዋጋ የሚያፈሰውን የቤታቸውን ጣሪያ አፍርሶ አዲስ የሚያለብስ ነበር። እሑድ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ።

«ሽጣት» አለች ናዲን። «ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ መደርደር ሰልችቶኛል።»

በማግሥቱ ልብስ ላሰጣ ስወጣ ናዲን በመኪናዋ መስኮት እጇን አስገብታ፣ መሪውን ይዛ ቆማለች። ሆሊስም ከጎተራው በር ሆኖ ያያታል። ትንሽ ቆይቶ አጥሩ ጋ መጣ።

«ብየዳው የሮስኮ እጅ ነው፣ እህቴ» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«አንድም ቀን ተከፍቶብኝ አያውቅም። ቅር የሚልሽ ከሆነ አልነካውም።»

ሮስኮ ከተቀበረ ገና ዓመት አልሞላውም። ልብሱን አስጥቼ እስክጨርስ ሆሊስ አልሄደም።

«እሱ ቢኖር ራሱ ይቆርጠው ነበር፤ እየተሳደበ» አልኩት። «የመሪውን፣ የእሷን በኩል ክፈት። የአንተን በኩል ተወው።»

«የእኔን ለምን?»

«አንዱ ይቅርልኝ።»

ራሱን ነቀነቀና ወደ ጎተራው ተመለሰ።

እሑድ ፕሬስተን ሲደርስ ናዲን የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን እንደለበሰች መሪው ፊት ተቀምጣለች፤ ሞተሩ ያጓራል። የመካከሉ ብረት በእሷ በር ስለማያሳልፈው፣ የሆሊስ ራስ ባልተከፈተው በር መስኮት መኪናው ውስጥ ነው፣ እግሩ ወደ ውጭ ይንፈራገጣል።

«ቆረጧት!» አለ ሰውዬው፣ የተከፈተውን በር እያየ።

«ስንቱን ወንዝ የዘለልኩ ነኝ እያለ ሲፎክር የኖረ ሰው!» አለች ናዲን። «ወገብህ የት ሄደ?»

«ሆዴ ነው እንጂ ወገቤስ ደኅና ነው!»

«ልጄ፣ ቆመህ ከምታይ እግሩን ግፋልኝ።»

ፕሬስተን ኮቱን አጥሩ ላይ ጥሎ ገፋ። እኔም ገፋሁ። ሆሊስ ተንከባሎ ገባ፤ ናዲን በሯን ዘጋችና አቧራውን አስነሥታብን ሄደች።

«ወይ ጣሪያ!» አልኩ ሳላስበው።

«የትኛው?» አለ ፕሬስተን፣ ሱሪውን እያራገፈ። ሳይቆጣ ግን ሳይገዛ ሄደ።

ምሳ ሰዓት አለፈ። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«ቤንዚን አልቆብን ከኦቾሎኒው እርሻ አጠገብ ቆመናል» አለች ናዲን። «ሆሊስ በመስኮት መውጣት አቅቶታል። አሁን ትንሽ ተኝቷል።»

«ይዤላችሁ ልምጣ።»

«ነይ። ግን አትቸኩይ።»