የጎን መቀመጫው

ትናንት ደብረ ታቦር የወላጆቼ ጓሮ ስገባ፣ ከአባቴ አሮጌ ሞተር ሳይክል ጎን በተገጠመው መቀመጫ ውስጥ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ አገኘኋት። የቤንዚኑ ሽታ ዛሬም አልለቀቀውም።

ልጅ ሳለሁ፣ የታመመች ታናሽ እህቴን ወደ ጣራ ገዳም ጸበል የወሰድናት በዚህ ሞተር ነበር። እናቴ በጋቢ ጠቅልላ አቅፋት የጎን መቀመጫው ውስጥ ተቀመጠች፤ እኔ ከአባቴ ኋላ ተፈናጠጥሁ። ያን ቦታ ሁልጊዜ እመኘው ስለነበር አኮረፍሁ።

ልንነሳ ስንል አያቴ ወደ ደጅ ወጡና የእህቴን ኪኒን ከአባቴ ኪስ አወጡ።

«ልጄ፣ ጸበልና ኪኒን አይስማሙም፤ ይኸ እዚሁ ይቅር።»

«እሽ፣ አንቱ ካሉ» አለ አባቴ።

በሰባተኛው ቀን እህቴን እዚያው ገዳሙ ቀበርናት።

ስንመለስ እናቴ «ና፣ ግባ» አለችኝና በዚያው ጋቢ ጠቀለለችኝ። ሞቆኝ እስከ ቤት ድረስ ተኛሁ። ለማንም ነግሬ አላውቅም እንጂ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።