የወዲያኛው መብራት

ባለቤቴን ሹፌሮች የሚያውቁት በስሙ አይደለም፤ «ክላክስ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት የታክሲ ባልደረቦቹ ናቸው። እነሱ ራሳቸው እጃቸውን ከክላክስ የማያነሱ ሰዎች ስለሆኑ፣ ከመካከላቸው ተመርጦ ይህን ስም ማግኘት ቀላል እንዳይመስላችሁ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ፊት ያለው መኪና ጎማው እስኪዞር እንኳ አይታገስም፤ ጲጵ ያደርጋል። አንድ ቀን የቀብር መኪና ላይ ጲጵ ሲያደርግ ጋቢና ነበርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የባሰው ግን ሌላው አመሉ ነው። በሚኒባስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ የራሱን መብራት አይቶ ተነስቶ አያውቅም። የሚያየው የወዲያኛውን፣ መንገዱን የሚያቋርጠውን መስመር መብራት ነው። የወዲያኛው ቢጫ ሲሆን ማርሽ ያስገባል፤ ቀይ ሲሆን እሱ ሄዷል። «አረንጓዴ ጠብቆ የሚነሳ እንግዳ ሰው ነው» ይላል። የታክሲ ነጂው ሁሉ ይህንኑ ያደርጋል፤ እርስ በርስ የተማማሩትም እንደ ሙያ ነው።

ቤትም ያው ነው። ጥያቄዬን ሳልጨርስ ይመልስልኛል፤ የሚመልሰውም አብዛኛውን ጊዜ ያልጠየቅሁትን ነው። ሻይ ሳይበርድ ይጠጣና ምላሱ ሲቃጠል ሻዩን ይቆጣል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ስለው፣ «ያልቸኮለ ደግሞ ተሳፋሪ አይለቅምም» ይለኛል። መልስ አያጣም።

የሰባት ዓመት ልጅ አለችን። አንድ ቀን አስተማሪዋ «አባታችሁን ስላችሁ ኑ» ብላቸው፣ ልጄ ሰፊ ማጅራት፣ ሁለት ጆሮና አንድ ኮፍያ ስላ አሳየችኝ።

«ፊቱስ የታለ?» አልኳት።

«አባዬን የማየው ከኋላ ነዋ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሳይነጋ ይወጣል፤ ሲመለስ ተኝታለች። የምታገኘው እሁድ እሁድ፣ በታክሲው ዘመድ ጋ ሲያደርሰን ነው፤ ያኔም የምትቀመጠው ከኋላ ወንበር ነው። ሥዕሉን ሳሳየው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ አጥፎ መኪናው ውስጥ፣ የፀሐይ መከላከያው ላይ ሰካው። ስለ እሱ ዳግመኛ አላነሳም፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሲገባ ጫማውን አውልቆ የልጃችን አልጋ ዳር ቆሞ ያያት ጀመር።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተማሪ ደንብ ልብስ ሰፍቼ ሳስረክብ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ አየሁ፤ የተማሪ ሰርቪስ የሚነዳ ሹፌር ይፈልጋሉ። ጠዋት ልጆቹን ማምጣት፣ ከሰዓት መመለስ፣ አሥር ሰዓት ላይ ቤት መግባት። አሥር ሰዓት! ፀሐይ ሳትጠልቅ ባሌን ቤቴ ውስጥ ላየው ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ሥራ የተመኘሁት ነገር የለም፤ ለራሴ እንኳ እንዲህ ተመኝቼ አላውቅም።

ዓርብ ለፈተና ሄደ። ፈታኟ የትራንስፖርት ኃላፊዋ ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ስድሳ ግድም የሆናቸው ሴትዮ። ፈተናው ከበድ ያለ አይደለም፤ በባዶ ሰርቪስ አምስት መብራት ያለበትን መስመር ዞሮ መመለስ ነው። በመጀመሪያው መብራት እንደ ልማዱ የወዲያኛውን አይቶ ተነሳ። ሴትዮዋ የሆነ ነገር ጻፉ። በሁለተኛውም እንዲሁ ተነሳ፤ ዳሩ እዚያ መስቀለኛ ላይ የወዲያኛው ቀይ ከሆነ በኋላም የራሱ መብራት ለጥቂት ሰከንድ ቀይ እንደሆነ ይቆያል፤ እግረኛ ተረጋግቶ ይሻገር ተብሎ ነው። የሰርቪሱ አፍንጫ ዜብራው መሐል ሰው ውስጥ ገባ። ዘንቢል የያዘች አንዲት ሴት በመዳፏ ኮፈኑን በጥፊ አለችው።

«እንመለስ» አሉ ኃላፊዋ።  ትምህርት ቤቱ በር ሲደርሱ፣ «መንዳቱን ይችሉበታል» አሉት። «ግን የራስዎን መብራት አንዴም አላዩም። የሰው ልጅ ጭነው በሰው መብራት ሊሄዱ ነው? ሐሙስ ይምጡ፤ ያኔም እንዲሁ ከሆነ ሌላ ሰው እጠራለሁ።»

ቤት ገብቶ ኮፍያውን አልጋው ላይ ወረወረና የሆነውን ሁሉ ተረከልኝ። «ሴትዮዋ መንገድ አታውቅም!» አለኝ።

«ኮፈኑን በጥፊ ያለችውስ?» አልኩት።

ኮፍያውን ከአልጋው ላይ አንስቶ ምስማሩ ላይ ሰቀለው።

እሁድ ጠዋት ልጄን ጎረቤት ላለችው እህቴ ትቼ ጋቢና ገባሁ። የሸሚዝ ጀርባ የምቆርጥበትን ካርቶን ይዣለሁ። መንዳት አልችልም፤ የተጣመመ ማቅናት ግን ሥራዬ ነው። መጀመሪያው ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ካርቶኑን አንስቼ የወዲያኛውን መብራት ጋረድኩበት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የጎረቤት ጉዳይ አይመለከትህም። ያንተን እይ።»

አንገቱን ሲያሰግግ ካርቶኑን አስከትላለሁ፤ ጎንበስ ሲል ዝቅ አደርጋለሁ። ከጎናችን የቆመ ባልደረባው መስኮቱን ከፍቶ፣ «ክላክስ! ምነው፣ ጥላ ተያዘልህ? ሙሽራ ሆንክ?» ሲለው ላብ በላብ ሆነ። መብራቱ ሲለወጥ ባልደረባው ቀድሞት ከዓይን ጠፍቷል። በሚቀጥለው መብራት እጁ ክላክሱ ላይ ስታርፍ መታ አደረግኋት። በሦስተኛው መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ «እሺ፣ እስኪበራ ድረስ ታዲያ ምን ልሥራ?» አለኝ።

የምሩን ነው የጠየቀኝ።  ለካ ይሄ ሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀይ መብራት ላይ ቁጭ ብሎ አያውቅም!

«እኔን እይ» አልኩት፣ ለቀልድ።

ዞሮ አየኝ። ቶሎ ዓይኑን ያነሳል ብዬ ነበር፤ አላነሳም።

«ይሄ ሽበት መቼ ወጣ?» አለኝ።

«ሦስት ዓመቱ ነው።»

«ምነው ታዲያ አልነገርሽኝ?»

«ሽበት ይነገራል እንዴ?»

 አልደብቃችሁም፣ እንባዬ መጣ፤ ደግነቱ ካርቶኑ ነበረ፣ ፊቴን ሸፈንኩበት። ያን ጊዜ የወዲያኛውን መብራት አይቶ የተነሳ ይመስለኛል። ዝም ብዬ አለፍኩት።

ሰኞም ማክሰኞም ረቡዕም፣ ተሳፋሪ ሳይጭን በፊት ጠዋት ጠዋት አራት መብራት አብሬው ሄጄ በእግሬ ተመለስኩ። ቀይ ላይ ስንቆም እናወራለን። የልጃችን የፊት ጥርስ እየተነቃነቀ እንደሆነ የነገርኩት ቀይ መብራት ላይ ነው። ከዓመታት በፊት የእናቱን ሕመም ሲሰማ ለምን እንዳላለቀሰ የነገረኝም እዚያው ነው፤ ለዚያ ለዘመናት ጊዜ አላገኘንም ነበር። ረቡዕ ዕለት ካርቶኑን ቤት ትቼው ወጣሁ።

ሐሙስ አብሬው ሄድኩ። ሰርቪሱ ሲወጣ ከጥበቃው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የሱሪ እግር መቀምቀም ያዝኩ። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል፤ የአራት ቀን ትምህርት የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ይችለዋል? መርፌዋ ጣቴን ሁለት ጊዜ ወጋችኝ። ጥበቃው፣ «እህቴ፣ ሱሪውን ነው የሚሰፉት እጅዎን?» አለኝ።

ሰርቪሱ ዘግይቶ ተመለሰ። ባለቤቴ ሲወርድ ፊቱ ጠቁሯል።

«አለቀልኝ» አለኝ።

«የወዲያኛውን አየህ?»

«የለም! የራሴን ነው ያየሁት፣ እስከ ሦስተኛው። አራተኛው ላይ ቀዩ ረዘመ። እና… ካንቺ ጋ እንደለመድኩት ወደ ሴትዮዋ ዞሬ ልጆች አሉዎት ወይ አልኳት። አንድ ወንድ ልጅ አለኝ፣ አገር ርቆ ነው ያለው አለችኝ። እሱን ስንጫወት አረንጓዴው በርቷል፣ አላየሁም። ከኋላዬ ጲጵ! ጲጵ! ጲጵ!» ደረቱን መታ። «በእኔ ላይ! በእኔ በክላክስ ላይ ክላክስ ተደረገብኝ!»

ልሳቅ ላልቅስ ጨነቀኝ። በገዛ ካርቶኔ ያበላሸሁት መሰለኝ፤ ራሴን ጠላሁት። አሥር ሰዓት፣ ፀሐይ፣ የልጄ ሥዕል፣ ሁሉም ያለፈ ነገር ሆኖ ታየኝ።

ኃላፊዋ መነጽራቸውን እያወለቁ ወረዱ። «ባለቤታቸው እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ወሬ ይቀንሱ ይበሏቸው። መብራት ላይ ዓይናቸው መንገድ ላይ ይሁን።»

«እሺ እመቤቴ» አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ።

«ግን ነገሩን ሁሉ አልነገሩዎትም» አሉኝ። «ከኋላ ያ ሁሉ ጩኸት ሲወርድባቸው ዘለው አልተነሱም። ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ፣ ዜብራውን አዩ። አንድ ከዘራ የያዙ አዛውንት ገና መሐል ነበሩ። ዳር እስኪወጡ ጠብቀው ነው የተነሱት።» ወደ እሱ ዞሩ። «ክላክስ የሚደረግበትን ሹፌር መክሬ አስተካክለዋለሁ፤ የሚያደርገውን ግን አልችለውም። ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ ይሁኑ።»

 ባለቤቴ ስለ አዛውንቱ ያልነገረኝ ደብቆ አይደለም፤ ከቁም ነገር ስላልቆጠረው ነው። እዚያው በሰው ፊት እልል ልል ነበር፤ ጥበቃውን አፍሬ ተውኩት።

የመጀመሪያው ሳምንት ረቡዕ ነው። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ በሩ አጠገብ ወንበር አውጥቶ፣ ሻዩን ይዞ ተቀምጧል። እኔ መስኮቱ ጋ የስፌት መኪናዬ ላይ ነኝ። ልጃችን ወረቀትና እርሳስ ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ልስልህ ነው፤ ተስተካከል» አለችው።

እሱ ደግሞ ዞሮ ማጅራቱን ሰጣት። የምሩን ነው።

«እንደሱ አይደለም! ወደኔ!»

ዞረ። ከግንባሩ ጀምራ ታየው ገባች፤ ወረቀቱን ታያለች፣ እሱን ታያለች፣ ታጠፋለች፣ እንደገና ትስላለች። ጥቂት ሲቆይ እግሩ ሲወዛወዝ አየችው።

«አሁን ቀይ ነው» አለችው። «አረንጓዴ ሳልልህ እንዳትንቀሳቀስ።»

በመንገዱ አንድ የድሮ ባልደረባው በታክሲ ሲያልፍ አይቶት ጲጵ፣ ጲጵ አደረገለት። የባለቤቴ እጅ ክላክስ ፍለጋ ከጉልበቱ ላይ ብድግ ብላ ተመለሰች። ሻዩ በርዷል።

«አረንጓዴ አልሽ?» አላት፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«ገና ቅንድብህ ላይ ነኝ» አለችው።

ጠበቃት።