ለብ ያለው በርሜል

በእድራችን የውሃ ኃላፊው እኔ ነኝ። ለቅሶ ሲኖር በርሜሎቹን አስቀምጣለሁ፣ አስሞላለሁ፣ አጠራለሁ። ማጥራቱ የብቻዬ ሙያ ነው። ያደግኩት ቆላ ስለሆነ የደፈረሰ የወንዝ ውሃ በሽፈራው ዛፍ ፍሬ ሲጠራ እያየሁ ነው ያደግኩት። ፍሬው ተፈልፍሎ ይወቀጣል፣ ተበጥብጦ ውሃው ውስጥ ይጨመራል፣ ይማሰላል፤ ከዚያ ጭቃው እየተሰበሰበ ይወርዳል። ይህን ከእናቴ የተማርኩት ፊደል ሳልቆጥር ነው። ፊደሉም ቢሆን ኋላ ብዙ አልገፋልኝም።

ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጄ አረፈ። ወደ ሀዋሳ አብረን የመጣን፣ በወጣትነታችን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ላይ ዓሣ አብረን የተሸከምን ሰው ነው። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። የቧንቧ ውሃ ከሄደ አራተኛ ቀኑ ነው፤ ባለ አህያ ጋሪዎቹ ከወንዝ ያመጡልን ውሃ ደግሞ ጡብ ይመስላል። ከቀብር የሚመለሰው ሕዝብ እጁን የሚታጠበው፣ ሻይ የሚፈላለት ከዚያው በርሜል ነው። የወዳጄ ቤት በዚህ ቀን ጭቃ ይዞ ሰው ፊት ሊቀርብ ነው ብዬ ጨነቀኝ።

ጧት አንድ ሰዓት ላይ ለመጀመሪያው በርሜል የለመድኩትን ሁለት እፍኝ ጨምሬ ጠበቅሁ። ሲዘንብ አድሮ ስለነበር ውሃው እጅ ያደነዝዛል። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ እንደደፈረሰ ነው። አንድ እፍኝ ጨመርኩ። አሁንም ያው። ሌላ ጨመርኩና አማሰልኩ። ጭራሽ ወተት የገባበት ሻይ መሰለ።

የእድሩ ጸሐፊ መጥቶ አጎንብሶ አየው። "ጋሼ፣ እንግዲህ በርበሬ ይጨምሩበትና ወጥ ይሁን። ውሃነቱስ ቀርቷል።"

ሽንኩርት የሚልጡት ሴቶች በለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ቢሆንባቸውም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። አንዷ ግን አልሳቀችም። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የምታስተምር ጎረቤታችን ናት። ቢላዋዋን አስቀምጣ መጣችና ጣቷን ውሃው ውስጥ ነከረች።

"አባባ፣ ስንት ጨመሩበት?"

"አራት እፍኝ።"

"በዝቷል። ውሃውም በረዶ ነው።"

"ሲበዛ አይሻልም እንዴ?"

"አይሻልም። የጭቃው ብናኞች ሁሉም አንድ ዓይነት ቻርጅ አላቸው። ስለዚህ ይገፋፋሉ እንጂ አይጠጋጉም።"

"ቻርጅ? እንደ ስልኩ?"

"የሱ ዘመድ ነው ይበሉት። ፍሬው ተቃራኒውን ይዞ ይመጣና መገፋፋቱን ያጠፋዋል። ያኔ ይያያዛሉ፣ ይከብዳሉ፣ ይወርዳሉ። ሲበዛ ግን ሁሉም የፍሬውን ቻርጅ ይለብሱና እንደገና ይገፋፋሉ።"

"ብርዱስ ምን አደረገ?"

"ብናኞቹ ዘወትር ይንቀጠቀጣሉ፣ አባባ፤ ውሃው ዝም ያለ ቢመስልም። ሲሞቅ ይሮጣሉ፣ ይገናኛሉ። ሲቀዘቅዝ ውሃው ወፈር ይላል፣ እነሱም ይፈዛሉ። ቻርጃቸው ራሱ ከሙቀቱ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፤ እንደየዓይነታቸው ነው።"

እዚያ ቆላ ውሃችን ከወንዝ ሲቀዳ ጀምሮ ለብ ያለ ነበር። ለካ ፀሐይዋ ከእናቴ ጋር አብራ ስትሠራ ኖራለች! ዕድሜዬን ሙሉ ፍሬውን ብቻ ሳመሰግን አንድም ቀን አላሰብኳትም።

የመጀመሪያውን በርሜል ተውነው። በትልቁ ድስት ውሃ አፍልተን ሁለተኛው ላይ እየገለበጥን ለብ አደረግነው። ሁለት እፍኝ ብቻ ጨመርኩ። እሷ እንዳለችኝ መጀመሪያ ፈጠን፣ ኋላ ቀስ እያልኩ አማሰልኩ።

"በቃ። አሁን አይነካ" አለችና ከደነችው።

"እዚሁ ልጠብቀው።"

"ይሂዱ፣ ወዳጅዎን ይቅበሩ። ውሃው የእርስዎን ዓይን አይፈልግም።"

ሄድኩ። አፈር ሳለብስም ሐሳቤ ግማሹ በርሜሉ ጋ ነበር፤ ወዳጄ ይቅር ይበለኝ።

ስንመለስ ድንኳን ሳልገባ ወደ ጓሮ ዞርኩና ክዳኑን አነሳሁ። ውሃ ያለበት አልመስል አለኝ። የበርሜሉ ወገብ ላይ ያለው ቀለበት፣ ከሱም በታች ያለው፣ ሁለቱም ይታያሉ። ጭቃው ከሥር እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ማንም አልነካውም፣ ማንም አላዘዘውም። በቆምኩበት አማተብኩ።

ከላይ ከላዩ እየቀዳሁ አቀረብኩ። የወዳጄ ባለቤት ፊቷን ታጠበች። ጸሐፊው እጁን ዘርግቶ ውሃውን አየና "ጋሼ፣ በርበሬው ይቅር" አለኝ። ለሻይም ተጥዶ ፈላ።

ሁሉም ከታጠበ በኋላ ሳፋ ውስጥ ጥቂት ቀድቼ እጄን ነከርኩ። ከጣቶቼ የመቃብሩ አፈር ወጣና ተበተነ። ቀይ ደመና ሆኖ መሐል ላይ ቀረ፤ አይወርድም። ብናኞቹ እዚያ ውስጥ እየተንቀጠቀጡ፣ አንዱ አንዱን እየገፋ እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ሻይ በረደብህ እያሉ ከድንኳኑ ሲጠሩኝ ሳፋውን ሳልደፋ ብዙ ቆየሁ።