ኪስ የሌለው ቀሚስ

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ ጀርባው ጎተራ የሚያህል አሮጌ ቴሌቪዥን በሪክሻ ጭኖ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ካለው የጥገና ሱቃችን በር ላይ አወረደ። ልጄ ሰብለ ክዳኑን ልትፈታ ስታጎነብስ፣ ሳላስበው “ግራ እጅሽን!” ብዬ ጮህኩ። ሳቀችብኝ። እኔ ግን ሐጂ ይማም ትዝ አሉኝ።

ሙያውን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ቴሌቪዥን ሲከፈት ግራ እጅ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። ሁለቱም እጅ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ከገባ፣ ኤሌክትሪኩ ከክንድ ወደ ክንድ ሲሻገር መንገዱ በልብ በኩል ነዋ! የኔ ቀሚስ ደግሞ ኪስ የለውም። ስለዚህ ግራ እጄን ከኋላ መቀነቴ ውስጥ እሸጉጠው ነበር። ገበያተኛው ሽባ መስዬው ከንፈር ይመጥልኛል። የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩና፣ ማን ያገባኛል ብዬ መጨነቄም አልቀረም።

ክረምት ነበር፤ የገዳሪፍ ጥቁር ጭቃ ጫማ የሚነጥቅበት ወቅት። ሐጂ ይማም የሻይ ቤታቸው ቴሌቪዥን ማታ ድንገት ጠፍቶባቸው በማግስቱ አስጠሩኝ። ከፋሽጋ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ፉል እየበሉ ያዩኛል። ክዳኑን እንዳነሳሁ ሐጂ ለሶላት ታጥበው፣ ውዱእ አድርገው ብቅ አሉ። የተከመረው አቧራ አሳፈራቸው መሰለኝ፣ ሊጠርጉት ያንኑ እርጥብ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ።

“አይንኩ!” ብዬ አንጓቸውን ያዝኩ።



“አንቺ ልጅ! መብራቱ፣ ካህረባው ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ ምን እንዳይነካኝ ነው? በሴት እጅ ነክተሽ ውዱኤን አፈረስሽብኝ እኮ!”

“ካህረባው ቢሄድም እዚህ ውስጥ የተጠራቀመው አልሄደም፣ ሐጂ። ትንሽ ይታገሱኝ።”

በሽቦ ከቴሌቪዥኑ የብረት አካል ጋር ያሰርኩትን ካቻቢቴ፣ ከስክሪኑ ጀርባ ካለው የጎማ ቆብ ሥር አሾለክሁት። ጧ! ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለ። አንዱ ፉሉን ጭኑ ላይ ደፋ።

ሐጂ እርጥብ እጃቸውን እያገላበጡ ቆዩ።

“ለውዱእስ ውሃ አለ” አሉ ቀስ ብለው። “ነፍስ ግን ወላሂ ከየት ይቀዳል?” ብለው ሊታጠቡ ተመለሱ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሽባ የሚለኝ ጠፋ፤ ስሜ “ኡስታዋ”፣ ባለሙያዋ ሆነ። ኮርቼ ነበር፤ ዛሬም እኮራለሁ።

ሰብለን “ምን ያስቅሻል?” አልኳት። ቀና ብላ ወደ ሱሪዋ በዓይኗ ጠቆመችኝ። ግራ እጇ እኔ ከመጮሄ በፊት ኪሷ ገብቶ ነበር።