ትንፋሽ የሚያጥረኝ ቦታ

ዛሬ ሳሎኔ ውስጥ አራት ቫዮሊኖች የእኔን የዋሽንት ዜማ ሲጫወቱ ቆይተው፣ ትንፋሽ የሚያጥረኝ ቦታ ላይ ሲደርሱ እኩል ቆሙ።

ዜማውን ከነማረፊያው በኖታ የጻፈችው ልጄ ናት፤ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ደራሲ ነች። እኔ ዋሽንትን ያለ አስተማሪ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ በኖታ ነገር ዓመታት ተጨቃጭቀናል።

(ቃሊቲ ባለው ቤቴ ደጅ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ጥሩምባ ብቻ ነው ያልጻፈችው።)

«እዚያ ጋ የማርፈው ሳንባዬ ስለደከመ ነው። ስህተት ነው፣ አውጪው» አልኳት።

«አባባ፣ እሱን ካወጣሁት እርስዎ የሉበትም። ካልፈቀዱ ደግሞ ነገ መድረክ ላይ አይቀርብም።»

እርሳሷን ጨብጣ ጠበቀችኝ።

«ይቅረብ» አልኳት። ሌሎቹ ድርሰቶቿ ላይ ግን አሁንም አልተስማማንም።

እናንተስ፣ ስህተቴ የምትሉትን ነገር ልጆቻችሁ እንዲህ ሲሳሱለት አይታችሁ ታውቃላችሁ?