የአባዬ አፍንጫ

ሰመራ በሚገኘው የቴክኒክ ማሰልጠኛ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው የአዲስ ሠልጣኞች ዝርዝር ስሜን ያገኘሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሀያት ሰኢድ፣ አውቶ መካኒክ። ሦስቴ አነበብኩት፤ አላምን ብዬ በጣቴም ነካሁት። እዚያው ቆሜ ሳለሁ አንድ ባጃጅ ከኋላዬ ተነስቶ ያልተቃጠለ የቤንዚን ሽታ ለቆብን ሲሄድ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ፣ እኔ ግን አየሩን ማግ አድርጌ ስስበው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ሎጊያ፣ አባዬ ጋራዥ ውስጥ፣ ከአንድ ፒክአፕ የጭስ ማውጫ ኋላ ቁጢጥ ብዬ ራሴን አገኘሁት።

አባዬ ከወሎ ወርዶ ሎጊያ የከተመ መካኒክ ነው። ሾፌሮቹ ስሙን ትተው «አፍንጫው» ይሉት ነበር። ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅል ካርቡሬተር ያለው መኪና ሲመጣለት ሞተሩን አስነስቶ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ጭሱን አንዴ አሽትቶ ይመለስና ካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ሩብ ዙር፣ አንዳንዴም ከሩብ ያነሰ፣ ያዞራት ነበር፤ ያን ጊዜ ሲንቀጠቀጥ የነበረው መኪና ጉሮሮው እንደ ለቀቀለት ሰው ድምፁ ይጠራል። ቤንዚን ሲያንስ ሞተሩ ስለሚንተባተብ በጆሮው ይለየዋል፣ የበዛውን የሚያውቀው ግን በአፍንጫው ነበር። ከሰርዶ፣ ከአዳይቱ ሳይቀር ለዚህች ሩብ ዙር ሲሉ ስንቱን ጋራዥ አልፈው ይመጡ ነበር።

በሐምሌ፣ ንፋሱ አሸዋውን ትራሳችን ሥር ሳይቀር በሚያስገባበት ሰሞን፣ እማዬ ለዒድ ብቻ የምትቀባውን ሽቶ ፍራሹ ላይ ሰበርኩት። ስብርባሪውን ጠርጌ ደብቄ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። አባዬ ከሥራ ገብቶ እዚያው ፍራሽ ላይ፣ እርጥቡ ላይ ማለት ይቻላል፣ ጋደም አለና ስለ ውሎዬ ይጠይቀኝ ጀመር። እያሾፈብኝ መሰለኝ። ትንሽ ቆይታ እማዬ ገና ከግቢው በር «ሽቶዬን ማነው የደፋው?» እያለች ገባች፤ አባዬ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ፍራሹን በእጁ ዳሰሰ። ዱላ ስጠብቅ ማንም አልነካኝም። በግንቦት ከያዘው ከባድ ጉንፋን ወዲህ ምንም እንደማይሸተው፣ ሁለት ወር ሙሉ በጆሮው ብቻ እየገመተ እንደደበቀን ያወቅነው እንዲህ ነው። አፍንጫው ማሽተት አቆመ ከተባለ ጋራዡ ባዶ እንደሚቀር ሦስታችንም ሳንነጋገር ገባን።

ከዚያ በኋላ ክረምቱን ሙሉ፣ ትምህርት ሲከፈትም ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀጥታ ጋራዥ እገባ ነበር። አባዬ እንደ ድሮው ወደ ኋላ ዞሮ ጎንበስ ይላል፤ የምታሸተው ግን አጠገቡ ጠጠር የምትጫወተው ልጅ ነበረች። ቤንዚኑ ከበዛ ሻሼን ስቤ አፍንጫዬን እሸፍናለሁ፣ ሲስተካከል አወርደዋለሁ። ያን ሁሉ ብረት በአንዲት ሻሽ የማዘው ይመስለኝ ነበር።

ኅዳር ገብቶ ሙቀቱ ትንሽ ፋታ ሲሰጠን ሁመድ መጣ። ሁመድ ከሰመራ አዋሽ የሚመላለስ የአፋር ሾፌር፣ የአባዬ የቆየ ደንበኛና ዋና ተራቢው ነበር። ያን ቀን በጅቡቲ በኩል የገባ አዲስ ሚኒባስ ይዟል፤ ካርቡሬተር የለውም፣ ቤንዚኑን የሚመጥንለት ኮምፒውተር ነው፣ ግን ዳገት ሲያይ ይንተባተባል። እኔ ስደርስ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ አባዬ የሚያዞራት ብሎን አጥቶ ላቡን እየጠረገ፣ ሲጋራ አፉ ላይ አድርጎ ክብሪት ሊጭር ነበር። እግሩ ሥር ያለው ጄሪካን ቤንዚን ያፈሳል። ሽታው እኔን ከመንገድ ማዶ ነው ያገኘኝ። ከመጮሄ በፊት ሁመድ የአባዬን እጅ ጭምቅ አድርጎ ያዘው።

«አይሸትህም እንዴ፣ አፍንጫው?»

አባዬ ክብሪቱን ቀስ ብሎ ወደ ቀፎው መለሰ። ሁመድ ጄሪካኑን አየ፣ ሻሼን አፍንጫዬ ላይ ይዤ የቆምኩትን እኔን አየና ገባው።

«እና መኪናዬን ስታሸትልኝ የከረመችው ይቺ ናት?»

«እሷ ናት» አለ አባዬ፣ መሬት መሬት እያየ።

ሁመድ ጋ ወሬ አያድርም ይባል ነበርና አለቀልን ብዬ ቆምኩ። እሱ ግን ከመኪናው ውስጥ አብራው የመጣችውን፣ የኮምፒውተሩን ቁጥሮች በእንግሊዝኛ የምታሳየውንና የሚያነብለት ያጣላትን መዳፍ የምታክል መመርመሪያ አውጥቶ፣ «እንግዲያው ይሄንንም አሽቺልኝ» ብሎ ሰጠኝ።

ከመሪው ሥር ሰካናት። እኔ ፊደሎቹን እየለቀምኩ አነባለሁ፣ አባዬ ከአዋሽ መካኒኮች በወሬ ከሰማው ጋር እያገናኘ ይፈታል። ሞተሩ የሚስበውን አየር አንዲት የጋለች ቀጭን ሽቦ ትለካለች፤ ኮምፒውተሩ በዚያ ልክ ቤንዚን ይሰጣል፤ ጭስ ማውጫው ውስጥ ያለው ሌላ መለኪያ፣ ሴንሰር የሚሉት፣ ደግሞ በጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን አይቶ ቤንዚኑ በዛ ወይም አነሰ ይላል። አባዬ ቁጥሮቹን ትኩር ብሎ አያቸው።

«የጭሱ ሴንሰር ቤንዚን አነሰ ይላል፣ ኮምፒውተሩ ይጨምራል፣ አሁንም አነሰ ይላል። የምትዋሸው አየር ለኪዋ ናት፤ አየሩን አሳንሳ ነው የምትናገር።»

የአየሩን ቱቦ ሲፈታው ሽቦዋ ዘይትና አቧራ ለብሳለች። ሁመድ ወደ ሰመራ አቅጣጫ ማየት ጀመረ። በድሮ መኪኖች ልማድ አቧራ እንዲይዝለት ብሎ የወረቀቱን የአየር ማጣሪያ በገዛ እጁ ዘይት አጠጥቶት ነበር።

«ለአቧራው ብዬ ነው» አለ፤ ዝቅ ብሎም፣ «ለሰው አትንገር።»

«አንተም አትንገር» አለው አባዬ።

ሽቦዋ ጸድታ፣ ማጣሪያው ተቀይሮ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ከቆየ በኋላ ተነሳ። መጀመሪያ መመርመሪያዋ ላይ የሚታየው የኦክስጅኑ መስመር ዝም ብሎ ተኛ። ያ ሴንሰር ካልጋለ አይሠራም፤ እስኪነቃ ኮምፒውተሩ በግምት ነው የሚሄደው። ደቂቃ ያህል ቆይቶ መስመሩ ብድግ አለ፣ ወረደ፣ እንደገና ብድግ አለ፤ በዛ፣ አነሰ፣ በዛ፣ አነሰ፣ ልክ እንደሚተነፍስ ነገር። ሁመድ እንኳ መቀለዱን ተወ።

«ሱብሃነላህ» አለ አባዬ በሹክሹክታ። «አፍንጫ አለው፣ ሀያት። ራሱን እያሸተተ ራሱን ያርማል።»

ዛሬ አባዬ የራሱ መመርመሪያ አለው፣ ማሽተቱ ግን አልተመለሰም። ይህን የምጽፈው ሁለቱም ፈቅደውልኝ ነው፣ ሁመድ ስለ ዘይቱ ትንሽ ተከራክሮ። ያኔ እኔ ብቻ ለአባዬ አፍንጫዬን ያበደርኩት ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው እሱም የማላየውን ነገር ማየት እያስተማረኝ ነበር። ማክሰኞ ዜናውን ስነግረው የሁመድን ሚኒባስ አስነስቶ መመርመሪያውን እጄ ላይ አስቀመጠና «ነይ፣ ሲነቃ እንየው» አለኝ።

እናንተም ነገ ጠዋት ደጃችሁ ላይ መኪና ሲነሳ ቶሎ አትለፉት፤ አንድ ደቂቃ ቁሙ። በሎጊያ ካለፋችሁ ደግሞ ጎራ በሉ፣ መስመሩን አሳያችኋለሁ። ኑ፣ ሲነቃ እንየው።