ቆጠራ ላይ የመጣብኝ ድምፅ

ፖሊሶች የያዙኝ ሞጆ፣ ቢሮዬ ውስጥ፣ የአንድ ደንበኛ የዕቃ ማስለቀቂያ ወረቀት እየሞላሁ ነው። ትራንዚተር ነኝ፤ የነጋዴዎችን ዕቃ ከሞጆ ደረቅ ወደብ አስለቅቃለሁ። ስልኬ ላይ የጻፍኩት አንድ አስተያየት መዘዝ ሆነብኝና ቀትር ላይ አዳማ ፖሊስ ጣቢያ አደረሱኝ። መንገዱን ሙሉ ጥርሴን ነክሼ አንገቴን ያዝኩት።

ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አንገቴ ሳላዝዘው ይወረወራል፣ ዓይኔ ይርገበገባል፣ ከጉሮሮዬም «እህም!» የሚል ድምፅ ያመልጠኛል። እናቴ ጸበል ለጸበል አንከራተተችኝ፤ ኋላ አንድ ሐኪም «የነርቭ ነገር ነው፤ እብደትም እርግማንም አይደለም» አላት። እንደ ማስነጠስ ነው። ለጥቂት ጊዜ ይያዛል፣ ከዚያ ብሶ ይወጣል።

የእስር ክፍሉ የብረት በር ከኋላዬ ሲዘጋ አሥራ ስድስት ሰው ቀና ብሎ አየኝ። ሙቀቱና የላቡ ሽታ ትንፋሽ ያሳጣል። የያዝኩት ሁሉ ያኔ ለቀቀ። ዕድሌ ሆኖ ጠባቂው በበሩ ቀዳዳ ይመለከት ነበር። ዓይኔ ወደ እሱ ተርገበገበ፤ «እህም!» አልኩ። የክፍሉ ወሬ ቀጥ አለ።

ለጠባቂው ምልክት የሰጠሁ መስሏቸዋል፤ ጆሮ ጠቢ ተላከብን ብለዋል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው። አዲስ ገቢን ከማዕዳቸው መጋበዝ ልማዳቸው መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። ከየቤታቸው የመጣላቸውን ምግብ ክብ ሠርተው ሲበሉ እኔ ጀርባቸውን አየሁ። ከፖሊሶቹ ይልቅ እነሱን ፈራሁ።

የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ ማለት ነው፣ ሁሉም «ሐጂ» የሚሏቸው የአርሲ ነገሌ እህል ነጋዴ ነበሩ። መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ለማን ነው የምትጠቅሰው?»

«ለማንም፣ ሐጂ። ሕመም ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አለብኝ።»

«እስቲ ያዘው።»

«ስይዘው ይብስብኛል።»

መዳፋቸውን ማጅራቴ ላይ አሳረፉ። አንገቴ ከመወርወሩ በፊት ጅማቱ ሲሰበሰብ ተሰማቸው መሰለኝ፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ።

«ወላሂ፣ ይኼ ታስቦ የሚደረግ አይደለም» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ግን አሥር ሰዓት ላይ ቆጠራ አለ። ትናንት አንዱን ‹ሳቅህ› ብለው አውጥተውታል። እስካሁን አልተመለሰም።»

እስከ አሥር ሰዓት ያለውን ጊዜ እንዴት ልንገራችሁ? ስፈራ ይብስብኛል፤ ሲብስብኝ እፈራለሁ።

የፈሩት ይደርሳል። ሁለት ሁለት ሆነን፣ አንገታችንን ደፍተን ተቀመጥን። የጣቢያው ኃላፊ በዱላው ጫፍ እየጠቆመ ሲቆጥር፣ ስምንት ላይ «እህም!» ከጉሮሮዬ ወጣ።

«ማነው የሚያሾፍብኝ?»

የሐጂ ጉልበት ለመነሳት ሲንቀሳቀስ አየሁ። በእኔ ፋንታ ሊመቱ ነው። ቀድሜያቸው ተነሳሁ፤ ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነበር።

«እኔ ነኝ። እያሾፍኩ አይደለም፣ ሕመም ነው። አሁንም ይመጣል።»

መጣ፤ እዚያው ፊቱ። ዱላው ከፍ አለ።

«ሐኪም አይቶታል?» አለ ኃላፊው።

«እኛ አይተነዋል» አሉ ሐጂ፣ ከተቀመጡበት።

ኃላፊው ሁለታችንን አፈራርቆ አየን። «ቁጭ በል» አለኝና ቆጠራውን ከአንድ ጀመረ።

በሩ ሲዘጋ ሐጂ የተረፈውን ምግብ ገለጡ። «ና ብላ፣ ልጄ።» ሰዎቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ። እንጀራው ደርቋል፤ እንደዚያ ቀን ግን ጣፍጦኝ አያውቅም።

ከተፈታሁ ቆየሁ። በፊት ሳል አስመስዬ የምደብቀውን፣ ዛሬ አዲስ ደንበኛ ሲመጣ አስቀድሜ እነግረዋለሁ። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። ደረቅ ወደቡ ውስጥ የኮንቴነር በር በተዘጋ ቁጥር አንገቴ ይወረወራል። ያኔ እጄን ማጅራቴ ላይ፣ ሐጂ ባሳረፉበት ቦታ አስቀምጥና እስኪያልፍ እጠብቃለሁ።